ጋሼ መኳንንት ስም ያወጡላቸው ሰዎች

በየትኛውም የሐበሻ ማኅበር ውስጥ፣ ስሙን ያላወቀው ፊት ሲያጋጥመው እህል የማይወርድለት አንድ ሰው አይታጣም። ሰርግ ላይ ከሙሽሮቹ ይልቅ እንግዶቹን ይመረምራል፤ ለቅሶ ቤት የገባውን ሁሉ እስከ አያቱ ድረስ ይጠይቃል። ዓለም ጸንታ የቆመችው በእርሱ ትውውቅ ይመስለዋል። በካልጋሪ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ጋሼ መኳንንት ነበሩ።

ወንጌል የምትባል ወጣት ያወቀቻቸው የነዳጅ ገበያ ከተማዋን ባሰከረበት፣ በየወሩ አዲስ ፎቅ ሰማዩን በሚሻማበት ዘመን ነው። ጋሼ መኳንንት ከማርልቦሮ ሰፈር በባቡር እየመጡ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። እርሷ በአንድ አነስተኛ የታሪክ ማኅበር ተቀጥራ የጥንት ፎቶግራፎችን ስካን እያደረገች ኢንተርኔት ላይ ትጭናለች። በጎ ፈቃደኞች ደግሞ፣ ከእነርሱም አንዱ ጋሼ መኳንንት፣ ባሉበት ሆነው ሥዕሎቹን ከፍተው በየፊቱ ላይ ሣጥን እየሳሉ ስም ይጽፋሉ። ማንነቱ የጠፋ ሰው ሲገጥማቸው «ያልታወቀ» ብለው እንዲያልፉ ደንቡ ያዛል።

ጋሼ መኳንንት ይህን ቃል እንደ ስድብ ቆጠሩት። «ሰው ስም የለውም አይባልም፤ እኛ አላወቅነውም ነው የሚባለው» እያሉ፣ ከጥበቃ ክፍላቸው ሳይወጡ፣ ስም ላጣው ሁሉ የክርስትና ስም ያወጡለት ጀመር። ጢሙ የተንዠረገገው ጉድጓድ ቆፋሪ ገብረ ሕይወት ሆነ። ባርኔጣዋ ላይ ላባ የሰካችው ወይዘሮ አመተ ጽዮን ተባለች። ፈረሶቹን የተዉአቸው ክርስትና ስለማይነሡ ብቻ ነው።

ወንጌል ጴንጤ ናትና የክርስትና ስም የላትም። አንድ ቀን ሥራቸውን ልታርም ደውላ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ናቸው ስትል ቀለደችባቸው።

«ታዲያ ቄሱ በምን ይጥራቸው?» አሉ። «አንቺንስ ቢሆን?»

«እኔን ጌታ በስሜ ያውቀኛል፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ስልኩንም ሳይዘጉ አንድ ነገር ሲጽፉ ተሰማት።

በጥር ወር፣ ሞቃቱ የቺኑክ ነፋስ በረዶውን በአንድ ጀምበር ሲያቀልጠው፣ ከወንጌል አለቃ ትእዛዝ መጣ። ጋሼ መኳንንት የፈጠሯቸው ስሞች እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ በሙሉ ይሰረዙ፤ አካውንታቸውም ይዘጋ። ወንጌል ይህን ልታስረዳቸው ወደ መኪና ማቆሚያው በእግሯ ሄደች። አልተቆጡም። ከእነዚያ የሥዕል ሰዎች ሌላ ሰው የሚያገኙት እሑድ እሑድ ብቻ እንደ ሆነ፣ ሳምንቱ ከመኪና ጋር እንደሚያልፍ ነገሯት። ልትሄድ ስትል ግን እጇን ያዙ።

«ስም ሳይሰጠው የኖረ ሰው ይኖራል። ሰጥተሽ የነጠቅሽው ግን ምን ላይ ይቁም?»

የሽማግሌ ነገር ነው ብላ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች፤ ከመጀመሪያው ሥዕልም ጀመረች። ከኦኮቶክስ ከተማ ወዲያ፣ በፈረንጆቹ 1914 ዓ.ም.፣ አሥራ አንድ ሠራተኞች በነዳጅ መቆፈሪያ ማማ ፊት ተሰልፈዋል። የአሥሩ ስም ከፎቶው ጀርባ ተጽፏል። ስማቸው ከታወቀው በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል የቆመው ጋሼ መኳንንት «ወልደ ሰንበት» ያሉት ነው። ስሙን ሰረዘችው። ሣጥኑ ጠፋ፤ ሰውየውም አብሮ ጠፋ።

ሥዕሉን ዘግታ ከፈተችው። አሥር ናቸው። ኮምፒውተሩን ተጠራጥራ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ዋናውን ፎቶ ከካርቶኑ አውጥታ መስኮት ሥር ያዘችው። እዚያም አሥር ናቸው። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል የአንድ ሰው ስፋት ያለው ክፍተት አለ። አምስተኛው ክንዱን ዘርግቶ፣ ማንም በሌለበት አየር ላይ፣ የወዳጁን ትከሻ እንዳቀፈ ፈገግ ብሏል። ጀርባው ላይ ያለው የእርሳስ ጽሑፍ ግን አልተለወጠም፤ አሥር ስም ይዘረዝርና «እና አንድ ያልታወቀ ሰው» ይላል።

ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ ስሙን መልሳ ጻፈች። ወልደ ሰንበት ከቦታው ተገኘ። ፊቱ ግን ወንበሩን ወስደውበት እንደ መለሱለት እንግዳ ተኮሳትሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ስም ሳትነካ ዓርብ ደረሰ። ለቀትር ግማሽ ሰዓት ሲቀር ዝርዝሩን ከፈተች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም፤ ከግርጌው ሁሉንም በአንዴ የሚሰርዝ አንድ ቁልፍ። ለራሷ፣ ያየሁት የድካም ውጤት ነው፣ የዓይኔ ስሕተት ነው፤ ሥራው ደግሞ እንጀራዬ ነው አለች። ጣቷን ከማሳረፏ በፊት የመጨረሻውን ስም ለማየት ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ወርዳ ሥዕሉን ከፈተች።

ሥዕሉ የጥንት አልነበረም። ባለፈው በጋ በጎ ፈቃደኞቹ ለምስጋና በተጋበዙበት መናፈሻ የተነሣ ነው። ጋሼ መኳንንት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መሀል እንደ ጳጳስ ቆመዋል። ከኋላቸው፣ የዛፍ ጥላ ግማሽ ፊቷን የሸፈነው፣ ወንጌል ራሷ ናት። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ስለ ነበረች መግለጫውን የጻፈው ሰው ስሟን አላወቀም። «ስድስት በጎ ፈቃደኞችና አንዲት ያልታወቀች ሴት» ይላል። በፊቷ ላይ ሣጥን ተስሏል። በሣጥኑ ሥር «ወለተ ሐና» ተብሎ ተጽፏል፤ የተጻፈበት ቀን በስልክ የቀለደችባቸው ዕለት ነው።

እጇን የጋለ ነገር እንደ ነካች ከማውሱ ላይ አነሣች። በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ፊቷን ፈለገች። አለ።

ከዚያም ለአለቃዋ ጻፈች። ስሞቹ «በጎ ፈቃደኛው ያወጣው ስም» በሚል የተለየ መስመር ይቀመጡ፤ የሰውየው አካውንት የሚዘጋ ከሆነ የእኔም ይዘጋ። ቀትር ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ይሁን» የሚል አጭር መልስ መጣላት። ስልኩን አንሥታ ደወለች።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አሉ ጋሼ መኳንንት።

ስሟን ልትናገር ጀምራ ተወችው።

«ወለተ ሐና ነኝ፣ ጋሼ።»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ከዚያም ረጅም ትንፋሽ።

«አወቅሁሽ፣ ልጄ። ሁሉም አሉ?»

«ቆጥሬያለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። «ሁላችንም አለን።»