ራዲዮዋና የቦራ ችካል

ሽቦዋን እንዳትረግጣት! በላይዋ ተሻገር። ያቺን እርጥብ መሬትም ዝለላት፤ በምን እንደራሰች ኋላ ትደርስበታለህ። ስልቻ የምሞላውም ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ተቀመጥ።

ሳጥኗን የሰጠኝ መንገድ ሊለካ የመጣ ፈረንጅ ነው። ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ቆላ መራሁት፤ ሲሄድ «ራዲዮ ናት፣ ራስህ ገጣጥማት» ብሎ አስታቀፈኝ። ከፈትኳት። የታለች ራዲዮዋ? ሽቦ፣ ብሎን፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮችና ሥዕል ያለበት ወረቀት። እኔ ደግሞ ከአምስተኛ ክፍል ከመምህሩ ጋር ተጣልቼ የወጣሁ ነኝ። ግን ሥዕል ለማየት ስንተኛ ክፍል ያስፈልጋል?

ሚስማር በፍም እያጋልኩ በየድኳት። በሥዕሉ አንዱ ሽቦ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ሌላው መሬት ውስጥ ከገባ ብረት ጋር ይታሰራል። ባሕር ዛፍ ሞልቷል። መሬት የገባ ብረት ግን ዳንግላ ከተማ በምኖርበት በአጎቴ በአያ አለነ ግቢ አንድ ብቻ ነው፤ ፈረሱ ቦራ የሚታሰርበት ችካል። እዚያው አሰርኩት።

ተናገረች! ማለዳ ጥርት አድርጋ ዜና ነገረችን። ረፋዱ ላይ ግን እሽሽሽ። እንደሚነጠር ቅቤ ትንጫጫለች እንጂ ቃል የላትም። በማግስቱም እንደዚያው።

የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ አሞቅሁት። ብየዳውን ፈትቼ በየድኩ፣ ደግሞ ፈታሁ። ሽቦዋን የባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ሰቀልኩ፤ ሱሪዬ ተቀደደ እንጂ እሷ ምንም አላለች። የአጎቴ ሚስት እትዬ ጥሩ ሰይጣን ነው ብላ ጠበል ረጨችባት። ጠበሉን አልወቅሰውም፤ የተረጨው ሳጥኗ ላይ እንጂ ችካሉ ላይ አልነበረም። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

አያ አለነ ደስ ሲለው በአማርኛ፣ ሲቆጣ በአገውኛ ነው። ያን ሳምንት አማርኛ የሚባል አልሰማሁም። ሐሙስ ዕለት ቁርጡን ነገረኝ፦ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች ይዞ ይመጣል። ከተናገረች፣ ያናገራት ከተማ ይቀመጣል። ከዘጋች ግን እኔ ወደ ጥርባ፣ አባቴ ዘንድ፣ ገብስ ውቂያ። ጥርባን ታውቀዋለህ? በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ የበሬ ቀንድ ይሰነጥቃል። ወሬውም የማን ላም ወለደች ነው። እኔ እዚያ ምን አባቴ እሠራለሁ?

ቅዳሜ ተስፋ ቆርጬ፣ እሽሽሽ የምትለዋን ራዲዮ ይዤ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። ቦራ ከወንዝ ተመለሰ፤ ችካሉ ላይ ታሰረ፤ እግሩን ከፈት አድርጎ ለቀቀው። ራዲዮዋ ከወሬው መሐል ገብታ ትቀጥላለች! ለካ በጋው መሬቱን አመድ አድርጎታል፤ የችካሉ ሥር ካልራሰ ቃል የላትም። ማለዳ ማለዳ የምትናገረውም ቦራ ሌሊቱን እዚያ እየሸና ስለሚያድር ነው። ሮጬ አንድ ጣሳ ውሃ ደፋሁበት፤ እንደ ንስሐ ሹክሹክ አለች። የቦራ ግን ጨው አለው መሰለኝ።

እሁድ መጡ፤ አያ አለነ በቦራ ላይ፣ ቄሱና ሦስት ሽማግሌዎች በእግር። ቦራን ችካሉ ላይ አሰርኩና ራዲዮዋን ከፈትኩ። እሽሽሽ። አያ አለነ አፉን ለአገውኛ ማዘጋጀት ጀመረ። ፈረስ እንዴት እንደሚሸና የማያውቅ የዳንግላ ሰው አለ? ይፏጭለታል። ቦራ አጠገብ ሄጄ አፏጨሁ።

«በሰንበት! በደጃፌ!» አለች እትዬ ጥሩ። «እባብ ልትጠራብን ነው?»

ቄሱ አማተቡ። እኔ አፏጨሁ። ቦራ ጆሮውን አቆመ። አሰበበት። እንደገና አፏጨሁ፤ ከንፈሬ ደረቀ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ይኸው ተዋጋልኝ! ለቀቀው። ራዲዮዋም የቀትሩን ዜና ለቀቀችው፤ ግቢው ተሞላ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። ቄሱ አንዴ ሳጥኗን፣ አንዴ ፈረሱን ያያሉ።

«ለመሆኑ ዜናው ከአዲስ አበባ ነው ከቦራ?» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን ነበረበት ዝም ብል! አያ አለነ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ትከሻዬን መታ አደረገኝ። የተናገረው ደግሞ በአማርኛ ነው፤ ልቤ እንዴት እንዳረፈ!

«ቃሌ ቃል ነው» አለኝ፤ «ያናገራት ይቀመጣል። ቦራን ውሃ አጠጣልኝና አንተ ስልቻህን ያዝ።»