ሐዘን የተቀመጠ ሞኒተር

ሽቦ እንደ ሰው ነው ብል አትሳቁብኝ። ወንዴ አለው፣ ሴቴ አለው፣ ዘር ይቆጥራል፣ ያልመሰለውን አያስጠጋም። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ባየ ቁጥር «ምን ችግር አለው፣ በሽቦ አያይዛቸው» ይላል። ምን ችግር አለው! እስቲ ሰቆጣ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ምረጡና ያለ ሽማግሌ ልጆቻቸውን «አያይዟቸው»፤ ችግሩን ያን ጊዜ ታዩታላችሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ትምህርት ቤት ስለ ኤሌክትሪክ ስንማር ክፍሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ አልነበረም። የቀረውን የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ አንዳንዴም እየነዘረኝ ነው። ስለዚህ ማስረዳት ከጀመርኩ አላቆምም፤ ታገሡኝ። ራሱን ያስተማረ ሰው ሌላ የሚያስተምረው ካላገኘ እንቅልፍ የለውም።

ነገሩ የሆነው የጓደኛዬ የኪሮስ አባት ያረፉ ሰሞን ነው። ጋሼ ብርሃኑ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እህቴ ከጅዳ የላከችልኝን ጌም የምንጫወተው በእሳቸው ቴሌቪዥን ነበር፤ እኔ ጌም አለኝ፣ ቴሌቪዥን የለኝም፤ ኪሮስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጋሼ ብርሃኑ ከመንገድ ሲመለሱ ከኋላችን መደቡ ላይ ጋደም ብለው ኳስ ጨዋታችንን ያያሉ። ማየት ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። «አቀብል! አቀብል እንጂ አንተ ስስታም!» ይሉታል ኪሮስን። ጎል ሲገባበት ደግሞ «ፊትህ ላይ ያለው ዓይን ነው ወይስ የሸሚዝ ቁልፍ?» ይሉና እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ኪሮስም ጎል በገባበት ቁጥር የመጀመሪያ ሥራው ዞሮ አባቱን ማየት ነበር። ስድቡ ካልደረሰው ጎሉ የተቆጠረ አይመስለውም።

አንድ ቀን ታከታቸውና «ቴሌቪዥኔን ልቀቁልኝ፣ ዜና ልይበት» ብለው ከደሴ ሲመለሱ ትንሽ ሳጥን አመጡልኝ። ቲቪ ቦክስ ትባላለች፤ የኮምፒውተር ሞኒተርን ቴሌቪዥን ታደርጋለች። ከተዘጋ ጽሕፈት ቤት የወረስኩት አሮጌ ሞኒተር ስለነበረኝ «ከሱ ጋር አጋባትና ቤትህ ተጫወት» አሉኝ። እኔ ሳጥኗን ከላስቲኳ ሳላወጣት እሳቸው ታመው፣ ብዙም ሳይተኙ አረፉ።

ኪሮስ አላለቀሰም። ቀብር ላይ አላለቀሰም፤ ሳልስት ወጣ፣ አላለቀሰም። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ብላ ሲሉት ይቆርሳል፣ አይውጥም። ድንኳን ውስጥ የሚያንሾካሹኩት ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ ግማሹ «ወንድ ነው» አለ፣ ግማሹ «አባቱን አይወድም ነበር» አለ። እናቱ እማማ ለምለም ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ሳቡኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ጓደኛው አይደለህም ወይ? እንባው ውስጡ ታምቆ ልጄን ሊገልብኝ ነው። የምታውቀው ነገር ካለ አድርግለት» አሉኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ሽቦ። ኪሮስ ደግሞ ከሽቦ የሚወደው አንድ ጌም ብቻ ነው። ግን እንዴት? ሐዘን ላይ ያለ ልጅ እኔ ቤት መጥቶ አይጫወትም። እነሱ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ነጠላ ለብሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ነጠላ የለበሰው ቴሌቪዥን ነው። ሞኒተርን ማን ከለከለ?

የዚያን ዘመን ሞኒተር አይታችሁ እንደሆነ ከኋላው የጤፍ ቁና ያህል ይወጣል። በጋቢ ጠቅልዬ፣ አቅፌ በድንኳኑ መሃል ሳልፍ ሰው ሁሉ በሽተኛ የተሸከምኩ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። አንድ ሰው ብቻ አልለቀቁም፤ ከፃግብጂ የመጡት የኪሮስ አጎት፣ አያ ወልዴ። የሐዘኑ አዛዥ እሳቸው ናቸው። በዱላቸው ጋቢውን ገለጥ አደረጉና ቴሌቪዥን ነው አሉ። አይደለም አያ፣ አልኩ፤ አንቴና የለው፣ ዜና አያወራ፣ ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ይዘፍናል ወይ አሉኝ። አይዘፍንም። ያስቃል ወይ? እዚህ ላይ ላብ አጠመቀኝ። እስካሁን ሲያስቅ አላየሁትም አልኩ፤ ያስቁ የነበሩት ጋሼ ብርሃኑ ናቸውና ውሸት አይደለም። ቀጥዬም ጥግ ላይ ካርታ ወደሚጫወቱት ሰዎች አመለከትኩ። «ይኸም ካርታ ነው አያ። መብራት የሚበላ ካርታ።»

አያ ወልዴ ከጎናቸው ካሉት ሽማግሌ ጋር በኽምጣና ተመካከሩ። ከዚያ ፍርዱ በአማርኛ መጣ፤ «አንዲት ድምፅ ከሰማሁ ይህን ሣጥንህን ከወንድሜ ጎን፣ አንተን ከሣጥንህ ጎን እቀብራለሁ።»

ይኸን ተሸክሜ ነው ቤት ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሁልጊዜ በምንጫወትበት ቦታ ሥራ የጀመርኩት። አሁን ላስረዳችሁ። ጌም ሦስት ጅራት አለው፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ። ሞኒተር ግን አንድ ወፍራም ጅራት ነው ያለው፤ ጫፉ ሰማያዊ፣ ውስጡ መርፌ መርፌ የሚያካክሉ እግሮች በሦስት ረድፍ የተሰለፉበት። የትኛው ላይ ነው ቢጫው የሚሰካው? የትም! ብትቆርጡና ብታጣምሩትም አይሆንም። ጌሙ ምስሉን መስመር በመስመር በአህያ እርምጃ ያቀብላል፤ ሞኒተሩ በበቅሎ እርምጃ ካልመጣለት ፊት አይሰጥም። ስለዚህ ሽማግሌ መሃል መግባት አለበት። ሽማግሌዋ ቲቪ ቦክስ ናት፤ ከአህያው እያወረደች ለበቅሎው ትጭናለች። ቀይና ነጩንስ? በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨርቁን በክር አስሬ፣ ክሩን ሁለቴ ቋጠርኩት። ሞኒተር ድምፅ ማውጫ እንደሌለው አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን አያ ወልዴንም አውቃቸዋለሁ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ጨለማ። ደግሜ ብጫን አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ብላ ከጥግ ጥግ መንከራተት ጀመረች፤ ልቤም አብሯት ይንከራተታል። የቦክሷን ቁልፍ ስነካካ ምስሉ ድንገት ቦግ አለ። ግን ቀለም የለውም! ጥቁርና ነጭ ብቻ። ነገሩ ገብቶኛል፤ የቀለም አላላክ ዓይነት ዓይነት አለው፣ የጋሼ ብርሃኑ ቴሌቪዥን ሁሉንም ይችል ነበር፣ ቦክሷ ግን ካልነገሯት አታውቅም። የምትነገርበትን ቁልፍ እየፈለግኩ ሳለ አያ ወልዴ በመጋረጃው በኩል አንገታቸውን አሰገጉ። ሣሩ አመድ፣ ሰማዩ አመድ፣ ተጫዋቹ አመድ። ብዙ አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና «ይኸስ ሐዘን ያውቃል» ብለው ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ቀለም የሚጨምር ደፋር ካለ ይምጣና ይጨምር። እኔ እጄን ሰበሰብኩ።

ኪሮስ መጫወቻውን ስሰጠው እንደ ማንኛውም የተሰጠው ነገር ተቀበለኝ። ጀመርን። እሱ ቀይ ለባሽ፣ እኔ አረንጓዴ ለባሽ፤ ያለ ቀለም ግን ሁላችንም ያው አመድ ለባሽ ነን። እሱ ለእኔ ልጅ ያቀብላል፣ እኔ ለእሱ ልጅ አቀብላለሁ። ጭብጨባ የለ፣ ፊሽካ የለ። የሚሰማው ከውጭ የካርታው ጠብ ጠብ ብቻ ነው። ከእረፍት በኋላ ሜዳ ተቀያየርን፤ ኪሮስ ግን ይህን አላስተዋለም። ኳስ አገኘና ሮጠ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ እኔ እንኳ ደንግጬ መከላከል ተውኩ። መታ። ገባ። ለካ ያለፋቸው የራሱ ልጆች፣ ያገባውም የራሱ መረብ ላይ ኖሯል!

ሳቄን ጋቢዬን ነክሼ ያዝኩት። ኪሮስ ግን ልማድ ሆኖበት ዞረ። ወደ መደቡ። መደቡ ላይ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ጠበቀ። ዓይን ነው ወይስ የሸሚዝ ቁልፍ የሚለው የለም። ትንሽ ደግሞ ጠበቀ። ከዚያ አፉን ከፈተና ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው ደረት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ መቀበሬ ነው። ጋቢዬን ሞኒተሩ ላይ ወርውሬ ሽቦውን ነቀልኩ። በዚያው ቅጽበት ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች የኪሮስን ድምፅ ለይተው ኖሮ ልቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ፤ በአማርኛም በኽምጣናም። ካርታው ተበተነ። አያ ወልዴ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። እኔ ሞኒተሩ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆሜ፣ «አያ፣ እሱ አይደለም! ቀይና ነጩ አልተሰኩም፣ ይኸው በጨርቅ አስሬያቸዋለሁ፣ ክሩን ይዩት!» እያልኩ አስረዳለሁ። በአጠገቤ አለፉኝ። ዱላቸውን ጣሉ፣ የወንድማቸውን ልጅ አቅፈው አብረውት አለቀሱ።

ማታ ኪሮስ እንጀራ ጠየቀ። እማማ ለምለም ግንባሬን ሳሙና «አንተ ልጅ፣ ምን ብታደርግ ነው ያለቀሰልኝ?» አሉኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ሰው እንዲህ ብሎ እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ኖሬ፣ ያን ቀን የማስረዳው አንድ ቃል አጣሁ።

ይኸው እንዲህ ሆኖ ወሬው ከተማውን ዞረ። ሰው እየሰማ ሲያቀብል ጌሙ ጠፋ፣ ኳሱ ጠፋ፣ «አስለቃሽ» የሚለው የሞኒተሬ ስም ብቻ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማላውቃቸው ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው ደጄ ላይ ቆሙ። እነሱም ሰፈር ከሩቅ አገር ለቀብር መጥቶ እንባ እንቢ ያለው ልጅ አለ፤ አስለቃሿን ብታውሰን አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ የቀለሙን ቁልፍ አግኝቼዋለሁ፣ ድምፅም በሌላ በኩል ልሰካላችሁ እችላለሁ ብዬ ማስረዳት ስጀምር ደነገጡ። «ኧረ በማርያም! እንደነበረች ትምጣልን!»

ከዚያ ወዲህ ሐዘን በተነሣ ቁጥር የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የእኔ ሞኒተር ግን ጋቢውን ለብሶ፣ ተጠርቶ ይሄዳል።