ነገ አብረን እንሮጣለን

እኔ መቼም ሰው ማስቀየም አልወድም። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ «እደውልልሃለሁ»፣ «ሰሞኑን እንገናኝ» እያልኩ ነው የምሸኘው። ታዲያ ማን ቁጭ ብሎ ጠብቆኝ ያውቃል?

የካዛንቺስ ጎረቤቴ ልጅ ናሆም ግን ጠበቀኝ። ናሆም ኦቲዝም ያለበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጠዋት ጠዋት ካልሮጠ ቀኑን ሙሉ ይከፋዋል፤ ትምህርቱም አይገባውም። አንድ ቀን ሰፈር ውስጥ አገኘሁትና፣ ደረጃ ስወጣ ቁና ቁና የሚያስተነፍሰኝን ቦርጬን እየደባበስኩ፣ «ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ስታዲየም በር ላይ ጠብቀኝ፤ አብረን እንሮጣለን» አልኩት። ሰዓቱን የጨመርኩት ለወጉ ያህል ነው።

በነጋታው እኔ ተኝቼ አረፈድኩ። እሱ ሳይሮጥ እስከ አራት ሰዓት በሩ ላይ ቆመ። የመጨረሻ ፈተናው የዚያኑ ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ አልተቆጣኝም። «ጋሼ፣ አሞዎት ነበር?» አለኝ። ሌላ ምክንያት አልታየውም።

ስወጣ ምላሴ እንደ ልማዷ፣ «አይዞህ፣ እደውልልሃለሁ» አለች።

እናቱ በር ድረስ ሸኙኝ።

«ወንድሜ፣ እባክዎን እንዲህ አይበሉት። ስልኩን ይዞ ቁጭ ይላል።»