የጋሽ ደገፉ ቀላል ቢራ

መንገድ የሌለው ሰፈር አለ፤ መብራት የሌለው ሰፈርም አለ፤ «ይሄን እኮ እቤት መሥራት ይቻላል» የሚል ሰው የሌለው ሰፈር ግን የለም።

ሶዶ ውስጥ ለእኛ ሰፈር የደረሱት ጋሽ ደገፉ ናቸው። ሳሙና ሠርተዋል፤ ቆዳችን ያስታውሰዋል። የእንቁላል መፈልፈያ ሠርተዋል፤ እንቁላሎቹ ተቀቀሉ። አጥራችን አንድ ስለሆነና እኔም እምቢ ማለት ስለማይሆንልኝ የሁሉም ነገር የመጀመሪያ ተጠቃሚ እኔ ነኝ። የራሴን ጽሑፍ እንኳ ጥሩ ነው ለማለት የማልደፍር ሰው፣ የእሳቸውን ሳሙና አመስግኛለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ሊቀ ጠማቂያን ደገፉ አሜሪካኖች የሚጠጡትን ቀጭን፣ ነጣ ያለ ቢራ ስልካቸው ላይ አዩ። «ቀላል ቢራ ነው የሚባለው» አሉኝ፤ «ስሙ ራሱ ይነግርሃል።» ቀላልነቱ ለሆድ እንጂ ለሠሪው እንዳልሆነ የገባቸው ቆይቶ ነው። ጠላ ቢበላሽ ጌሾው ይሸፍንለታል። ወፍራሙ የእህል መጠጣችን ቦርዴ ከጥንቱም ድፍርስ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል? ይሄኛው ግን ጥርት ብሎ የሠሪውን ጥፋት ሁሉ ያሳያል።

ከቦዲቲ ገበያ ገብስ አስመጥተው አበቀሉ፣ አደረቁ፣ አስከኩ። የሁምቦ በቆሎ ቀቅለው ከብቅሉ ጋር ለብ ባለ ውሃ አዋሃዱ። በነጠላ አጠለሉት፤ ነጠላው የማን እንደሆነ ባለቤታቸው እትዬ አባይነሽ ያወቁት እሑድ ጠዋት ለቤተክርስቲያን ሲለብሱ ነው። ፈረንጆቹ የሚጨምሩት መራራ አበባ ስለሌለ ጌሾ ገባበት። የመጀመሪያው ጥንስስ ከመምረሩ የተነሳ በኑሮዬ ላይ ያለኝን ምሬት ለሳምንት ረሳሁት። ሁለተኛው ቦርዴ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ጠርሙሱን ሰብሮ ወጣ።

አራተኛው ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ መተኛት ነበረበት። የእትዬ አባይነሽ ወተትና ቅቤ ወደ እኔ ቤት ተሰደደ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጋሽ ደገፉ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ፍሪጁን በብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። እትዬ አባይነሽ ቆመው እያዩ፣ «እኔ ስታመም እንኳ እንዲህ አልሸፈነኝም» አሉ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ሁምቦ የሚኖሩ ታላቅ ወንድም አሏቸው፤ አቶ ጦና ይባላሉ፣ የወንጌላውያን ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ደገፉ በልጅነታቸው ከሠሩት የንብ ቀፎ ጀምሮ እስከ ዘንድሮው የግቢ በር ድረስ ሁሉንም ወንድምየው አይተው «ግማሽ ነው» ይላሉ። «ሎኦ» የምትለው ቃል፣ በወላይትኛ ጥሩ ነው ማለት ናት፣ ለወንድማቸው ሥራ ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

«ቢራ ግን አይቀምስም» አሉኝ ጋሽ ደገፉ። «ስለዚህ ይሄን ግማሽ ነው ሊለኝ አይችልም።»

ድል እንዳደረገ ሰው አልነበረም የተናገሩት።

ለጊፋታ ዘመድ ሁሉ አዲሱን ዓመት ሊቀበል እነሱ ቤት ተሰበሰበ፤ እኔም ተጠራሁ። እትዬ አባይነሽ ለአማኞቹ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ኬኔቶ፣ አዘጋጅተው ነበር። ኬኔቶውም ቢራውም በጆግ ሆነው ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አቶ ጦና የሁምቦን ሐሩር በጉሮሯቸው ይዘው ገቡ። የጋሽ ደገፉ ልጅ ሶልያና በጥድፊያ አንዱን ጆግ አንስታ ቀዳችላቸው። ጋሽ ደገፉና እኔ ቀለሙን አይተን እስክንተያይ ብርጭቆው ባዶ ሆነ።

«ዘንድሮ ኬኔቶው ነጣ ብሏል» አሉ አቶ ጦና፣ ከንፈራቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ። «ሎኦ። አባይነሽ፣ እጅሽ ይባረክ።» ወደ ወንድማቸውም ዞሩ። «አንተም ድስት ከምታሳርር ከሚስትህ ብትማር ምናለ?»

እትዬ አባይነሽ መሬት መሬት አዩ። እኔ የጋሽ ደገፉን አፍ ነበር የማየው። ስለዚያ ሳሙና ግማሽ ቀን ሲናገሩ የዋሉ ሰው ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ያቺ ቃል የእሳቸው ትሆናለች፤ ወንድማቸው ግን በዚያ ሁሉ ምእመን ዘመድ ፊት ቢራ የጠጣ ሽማግሌ ይሆናሉ።

ጋሽ ደገፉ ተነሱና ጆጉን ከሶልያና እጅ ወሰዱ። «ይሄ ሞቋል» ብለው ገቡና እውነተኛውን ኬኔቶ ይዘው ተመለሱ፤ በእጃቸው ቀዱ።

«እሷ ነች የምታውቀው፣ ጋሼ» አሉ።

አቶ ጦና ቀመሱት፤ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። «የቅድሙ ይሻል ነበር።»

(አቶ ጦና ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ አያነቡም። ስለማያነቡ ነው ይሄን የጻፍኩት።)

እንግዳው ሲበተን ጋሽ ደገፉ የተረፈውን ይዘው ወደ አጥራችን መጡ። ጠጣሁት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ መጨረሻው ላይ ብቻ መረር የሚል። ጥሩ ነው አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። የእኔን «ጥሩ ነው» ጠግበውታል።

«እስቲ እሱ እንዳለው አድርገህ በለው» አሉኝ።

ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ሰው ነኝ። ቢሆንም አንገቴን ቀና አደረግሁ፣ የአቶ ጦናን ወፍራም ድምፅ ከሆዴ አወጣሁ፣ ባዶ ብርጭቆዬንም በአጥሩ ላይ ዘረጋሁላቸው።

«ሎኦ» አልኩ። «እጅህ ይባረክ፣ ደገፉ።»