የክብር እንግዳዋ ትሪ

የክብር እንግዳ ጠርቶ ትሪ የሚያሸክም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኛል። የነዳጅ ገንዘብ የካናዳዋን ካልጋሪ ባጠገበበት ዘመን፣ ወዳጃችን ፍሬው ኮራል ስፕሪንግስ የሚባል ሰፈር ቤት ገዛና ለምርቃቱ እትዬ የሺመቤትን ጠራ። እትዬ የሺመቤት በድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች የቤት ሠራተኛ እየሆኑ ያሳቁን ተዋናይ ናቸው። ሥራቸው በር ከፍቶ «ጌታዬ የሉም!» ማለትና መልሶ መዝጋት ነበር። እንዴት ያለ ሰፊ የጥበብ ሕይወት!

ፍሬው የክብር ወንበራቸውን አሳያቸውና ገና ሳይቀመጡ፣ «እትዬ፣ ለትዝታ ያህል፣ እስቲ እንደ ፊልሙ ትሪውን ይያዙልን» አለ። ያዙ። አጨበጨብን። ከዚያ የእንግዳ ካፖርት ተቀበሉ፤ ብርጭቆም ሰበሰቡ። እኛ እየሳቅን ቪዲዮ አነሳን። አርቲስት ማክበር እንዲህ ነው እንጂ! ወንበሩማ ባዶውን ተከብሮ ዋለ።

በመሀል ፍሬው አዲሱን ፒካፑን አስነስቶ ሞተሩን ሊያሞቅ በሸሚዙ ብቻ ወደ በረዶው ወጣ። በሩ ከኋላው ተቆለፈበትና የበሩን ደወል ደወለ። እትዬ ትሪያቸውን እንደያዙ ከፈቱ፤ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጌታዬ የሉም!»

ዘጉበት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ትሪውን እኔን አስታቀፉኝና የክብር ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«በል ልጄ፣ ምሳዬን አቅርብልኝ» አሉኝ።

ፍሬው በሩን ይደበድባል። የውጪው ብርድ ደግሞ የካልጋሪ ብርድ ነው። ምን ላድርግ? ሮጬ ልክፈትለት?

መጀመሪያ ምሳቸውን አቀረብኩ።