የደርቤ ጉንጭ

ጥይት የማይፈራ፣ የጥርስ ሐኪም ጉጠት ሲባል ግን የሚሸሽ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለእኔ እግዜር እንዲህ ያለውን ወንድም ሰጥቶኛል! ትክል ድንጋይ ወደሚባለው አገሩ ልጠይቀው ብሄድ፣ የደርቤ ጉንጭ እንደ ቅል አብጦ አንድ ዓይኑን ከድኖታል፤ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎታል።

«ምነው ጎንደር ሄደህ አልተነቀልህም?» ስለው፣

«የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ያጠፋል ብሎኛል አያ ታከለ» አይለኝም! አያ ታከለ መቼም ጠላ ቤት የተመረቀ ሐኪም ነው።

«አሁንስ በስንት ዓይንህ እያየኸኝ ነው?»

ጉንጩን በጋቢው ሸፈነ።

ሚስቱ ጠጋ ብላ፣ «በሬው ማመንዠክ ያቆመ ዕለት ግን ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ነዳው» አለችኝ። ደሜ ፈላ! መግሉ ጉሮሮውን ሊዘጋው ነው እኮ! የበሬውን ገመድ ከግድግዳው አውርጄ፣ «ተነስ! እንደ በሬው ተነድተህ ትታከማለህ» አልሁት።

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ቀብርህ ላይ ‹ዓይኑስ ሸጋ ነበር› ይልልሃል። ቅደም!»