እትዬ የዓለምወርቅ የመድኃኒቱን ቁልፍ ሲይዙ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ብቻውን ታሞ የሚተኛ ሐበሻ የለም፤ ካለም እትዬ የዓለምወርቅ ገና አልሰሙም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አይጠፋም፤ ሊጠይቅ ይመጣና ቤቱን ተረክቦ ቁጭ ይላል።

ክሊፕታውን ውስጥ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ ያለችው ምሕረቱ ዕቃ ሲያወርድ ወድቆ ትከሻው ተሰበረ። በቀዶ ጥገና ተጠግኖ ቤቱ በገባ ማግስት ክብርት እትዬ የዓለምወርቅ አንድ ፌስታል ፓፓያና የራሳቸውን ብርድ ልብስ ይዘው ከሰፈራቸው ከትሮይቪል ደረሱ። ብርድ ልብሱን ሲያይ ነገሩ ገባው።

መጀመሪያ የወረሱት ሐኪሙ ያዘዘለትን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። መድኃኒቱን የሰጠችውን ፋርማሲስት አነጋግረው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው አንድ ሆነ፦ «ፋርማሲስቷ ምን አለች?»

ሰዓቱ ሳይደርስ ክኒን ቢለምን፣ «ፋርማሲስቷ ምን አለች?» ባኪ የሚላትን ፒክአፑን ትንሽ ልንዳ ቢል፣ «ዓይንህ እየተከደነ? ፋርማሲስቷ ምን አለች?» ጎረቤቱ ሙዘሚል ወገቡን ይዞ «ለእኔም አንዷን» ሲል እንኳ አልራሩም። «የተጻፈበት ስም ምሕረቱ ነው። አንተ ሙዘሚል ነህ። ሐኪም ቤት ሂድ፣ ልጄ» ብለው ሸኙት።

የባሰው የሆድ ነገር ነበር። ክኒኑ ሆድ ያደርቃል ስለተባሉ፣ በየማለዳው ውኃና ፓፓያ እያቀረቡ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ሱቅ በደንበኛ ፊት «ወጣልህ?» ይሉታል። ደንበኞቹ አማርኛ ባይሰሙም፣ እትዬ ሆዳቸውን እያሻሹ ስለሚጠይቁ ያልገባው አልነበረም። ዳቦ ሊገዙ የመጡ አንዲት አሮጊት በሱቁ ፍርግርግ በኩል አንገታቸውን አስግገው በዙሉኛ አጽናኑት።

አንድ ቀን እትዬ ገበያ ወጣ እንዳሉ ትከሻው ክፉኛ ጠዘጠዘው። ጓደኛው አቢሶ ሊጠይቀው መጥቶ ነበርና ከኪሱ የእንቅልፍ ክኒን አወጣ።

«ይቺን ዋጥ አድርጋት። ሕመሙንም እኛንም ትረሳናለህ» አለው።

ምሕረቱ የራሱን መድኃኒት ከወሰደ ገና አልቆየም። ቢሆንም እጁን ዘረጋ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ይጮኻሉ ብሎ ሲጠብቅ ፌስታላቸውን አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ሁለቱ ክኒኖች ሲገናኙ ትንፋሽ ያዘገያሉ ብላኛለች ፋርማሲስቷ» አሉ በቀስታ። «ከመጠጥም ጋር እንደዚያው። ሰው ይተኛል፣ አይነቃም። ያኔ ለእናትህ የምደውለው እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልደውል?»

አቢሶ ክኒኑን ወደ ኪሱ መለሰ። «አላወቅኩም፣ እትዬ።»

«አሁን አወቅህ። በል ተነስ፣ መኪናህን አስነሳና ሐኪሙ ጋ ውሰደን። ሕመሙ ከበረታ የሚጨምረውም የሚቀይረውም እሱ ነው።»

ሐኪሙ ከሚገባው በላይ የጠበቀውን ማሰሪያ አላልቶ መድኃኒቱን አስተካከለለት። ምሕረቱ በዚያ ሌሊት ጥሩ ተኛ። እትዬ ግን ትንፋሹን ለማዳመጥ ሲነሱ ሲቀመጡ እንዳደሩ ጠዋት ከዓይናቸው አነበበ። ፓፓያውን ሳያጉረመርም በላ።

ትከሻው እየዳነ ሲሄድ ክኒኑንም በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ አቆመ። «የተረፈው ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ያሏቸውን ሰዎች እትዬ ገላምጠው ለፋርማሲው መለሱት፤ ጓዛቸውንም ሸክፈው ሄዱ። ምሕረቱ ነጻ ወጣ። ነጻነቱ ግን አልጣመውም፤ ቢበላ ባይበላ፣ ቢተኛ ባይተኛ የሚጠይቀው ጠፋ።

ጀርሚስተን የምትነግደው ፊቤ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና አድርጋ መተኛቷን ሲሰማ፣ ለእትዬ ደውሎ የነገራቸው እሱ ነው። ሊያደርሳቸው የመጣውም እሱ። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ «ቀስ በል» ማለት ጀመሩ። ቀስ አለ።

«በዚህ በኩል ይቀርብ ነበር እኮ» አሉት መታጠፊያውን ሲያልፈው።

«መንገዱ ተዘግቷል፣ እትዬ» አለ ምሕረቱ። መንገዱ ወለል ብሎ ክፍት ነበር።